ሞተሩ ዝም ቢል አየሩ ዝም አይልም፦ የአንድ የአየር ታክሲ ድምፅ እንዴት ተቀነሰ?

ነገሩ የተነሳበት

ባለፈው ሰሞን ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ስድስት ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን በረሃ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ፕሮፔለሮቹን ወደ ፊት ያጋድልና እልም ይላል። ከሥሩ "ድምፅ የለውም እኮ! ኤሌክትሪክ ነው" ብላ ጽፋበታለች። ደግሜ ከፈትኩት። የሚሰማው ሙዚቃ ነው። አውሮፕላኑ ይጩህ አይጩህ በዚያ ቪዲዮ ማወቅ አይቻልም።

አልፈርድባትም። "ኤሌክትሪክ ስለሆነ ዝም ይላል" የሚለውን እኔም አምኜ ከርሜያለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና አጠገባችን ሹልክ ብሎ ሲያልፍ ስላየን አውሮፕላኑም እንደዚያው ይመስለናል። አይደለም። መኪናን መሬቱ ተሸክሞታል። አውሮፕላን ግን አየር ወደ ታች እየገፋ ነው አየር ላይ የሚቆየው፣ አየር ደግሞ በኃይል ሲገፋ ይጮሃል። ሞተሩ በነዳጅ ይሁን በባትሪ አየሩ አያውቅም።

እንዲያም ሆኖ አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ አውሮፕላኖች በእርግጥም ከሄሊኮፕተር በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ አላቸው። እንዴት ሆነ? ለዚህ ጥሩ መማሪያ የሚሆነው የጆቢ አቪዬሽን አውሮፕላን ነው። በ2021 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካሊፎርኒያ ውስጥ ናሳ ከሥሩ ማይክሮፎን ዘርግቶ ለክቶታል። ከማስታወቂያ ሳይሆን ከልኬት መነሳት ስለሚሻል ይህን አንዱን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው።

የኋላ ታሪኩ

ከተማ ላይ በአየር ታክሲ የመሄድ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሄሊኮፕተር ድሮም ነበረ። ያስቸገረው ዋጋው ብቻ ሳይሆን ጩኸቱም ነው።

ኒውዮርክን እንይ። ማንሃተን ደቡብ ጫፍ ላይ ባለው የሄሊኮፕተር ማረፊያ በዓመት 60 ሺህ ገደማ የጉብኝት በረራ ይፈቀድ ነበር። ነዋሪው ሲያማርር ከርሞ በ2016 ከተማው ከአስጎብኚዎቹ ጋር ተስማማ፤ ቁጥሩ ከ2017 ጀምሮ በግማሽ እንዲቀንስ፣ እሁድም የጉብኝት በረራ እንዳይኖር ተወሰነ። በግማሽ! ከዚያ በኋላም አቤቱታው አላቆመም። አንደኛ ነገር፣ ወንዙን ተሻግረው ከኒው ጀርሲ የሚነሱትን ስምምነቱ አይነካቸውም። ሁለተኛ፣ የቀረው እያንዳንዱ ሄሊኮፕተር እንደ ድሮው ነው የሚጮኸው። ሰው የሚቀሰቀሰው በአማካይ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ባለፈው በዚያ በአንዱ ነው።

ትምህርቱን መጀመሪያ በግልጽ ጽፎ ያስቀመጠው የታክሲ አፕ ኩባንያው ኡበር ይመስለኛል። በ2016 ስለ አየር ታክሲ ባወጣው ሰነድ ላይ ጩኸትን ከዋና ዋናዎቹ እንቅፋቶች ጋር አስፍሮታል። ያስቀመጠው ግብም፦ በመኖሪያ ሰፈር የሚያልፍ መካከለኛ የጭነት መኪና ከሚያሰማው ድምፅ ግማሹን ያህል ብቻ የሚሰማ አውሮፕላን። ያንን የአየር ታክሲ ክፍሉን በኋላ የገዛው ጆቢ ነው። ጆቢ በ2009 የተቋቋመ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው፤ አብራሪውን ጨምሮ አምስት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ይሠራል።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

የሄሊኮፕተር ጩኸት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ የብዙ ድምፆች ድምር ነው። ሞተሩ አለ፣ ማርሹ አለ፣ ጭራው ላይ ያለችው ትንሿ ፕሮፔለር የራሷን ዋይታ ታሰማለች። ትልቁ ድምፅ የሚመጣው ግን ከላይ ከሚሽከረከሩት ብሌዶች ነው። የአንድ ተራ ሄሊኮፕተር ብሌድ ጫፍ በሴኮንድ 200 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በሰዓት ሲሰላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሄሊኮፕተሩ ገና መሬት ላይ ቆሞ የብሌዱ ጫፍ የመንገደኛ ጄት ፍጥነት ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ደግሞ ያ የምናውቀው ዱብ-ዱብ-ዱብ አለ። ብሌድ አየሩን ቆርጦ ሲያልፍ ከጫፉ የሚሽከረከር የአየር ጅራት ይተዋል። ተከታዩ ብሌድ መጥቶ ያንን ጅራት ሲገጨው ጥፊ እንደመምታት ያለ ድምፅ ይወጣል። በተለይ ሄሊኮፕተሩ ለማረፍ ዝቅ ሲል ይብሳል፣ የራሱ ጅራት ውስጥ ስለሚገባ። የሚያርፈው ደግሞ ሰው ያለበት ቦታ ነው።

እንግዲህ የነዳጁን ሞተር አውጥታችሁ በኤሌክትሪክ ብትቀይሩትና ብሌዱን እንዳለ ብትተዉት ምን ይገኛል? ትንሽ ይሻለዋል፣ ግን ዱብ-ዱቡ እዚያው ነው። የጆቢ ሰዎች የጀመሩት ከዚህ ነጥብ ነው ብዬ ነው የማስበው። ኤሌክትሪኩ የሚጠቅመው ዝም ስለሚል አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ትንሽ ነው፤ እንደ ነዳጅ ሞተር ረጅም ዘንግና ከባድ ማርሽ ሳያስፈልገው በሽቦ ብቻ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። አንድ ትልቅ ሞተር ከመካከል ከማስቀመጥ ስድስት ትናንሽ ሞተሮችን ክንፉና ጭራው ላይ መበተን ይቻላል። ጩኸቱን የቀነሰው ይህ ነፃነት ነው።

ምን አደረጉ?

ይህን ለማስረዳት ከቬንትሌተር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ቬንትሌተር እየተጎተተ ይዞራል፣ ክፍሉን በሙሉ ያናፍሳል፣ ድምፁ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን ትንሿን ደግሞ 3 ቁጥር ላይ አድርጓት፤ ትጮሃለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የምታናፍሰው ግን አልጋውን ብቻ ነው። ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ከትንሽ አየር በፍጥነት መግፋት ይልቅ ጸጥ ይላል። ትንሿን ከ3 ወደ 1 ስታወርዷት ድምፁ እንዴት ድርግም እንደሚል ልብ በሉ። ፍጥነቱ የቀነሰው ትንሽ ነው፣ ጩኸቱ ግን የቀነሰው በጣም ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። የሚሽከረከር ብሌድ ድምፅ በግምት ከጫፍ ፍጥነቱ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ኃይል ጋር ይጨምራል (አምስተኛ ኃይል ማለት ቁጥሩን አምስት ጊዜ ደርድሮ ማባዛት ነው)። ስለዚህ የጫፍ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት ከ15 እስከ 18 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይወርዳል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ጆሯችን "ግማሽ ሆነ" ብሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ 15 ማለት ቀላል አይደለም።

ጆቢ ስድስት ፕሮፔለር አደረገ፣ እያንዳንዱ አምስት ብሌድ ያለው። ብሌድ ሲበዛ አንዱ ብሌድ የሚሸከመው ጭነት ይቀንሳል፣ ስለዚህ በዝግታ እየዞረ ያንኑ ክብደት ማንሳት ይችላል። የብሌዶቹ ቁጥር፣ ርዝመታቸው፣ የጫፍ ፍጥነታቸው፣ ፕሮፔለሮቹ ከአውሮፕላኑ ክብደት አንጻር የሚሸፍኑት ስፋት፣ አራቱም ድምፅን ለመቀነስ ተብለው የተመረጡ እንደሆኑ ኩባንያው ራሱ ይናገራል። ነፃ አይደለም ግን። በዝግታ የሚዞር ፕሮፔለር ብዙ የመጠምዘዝ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ይፈልጋል፣ እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ ይከብዳል። ባትሪ በራሱ ከባድ በሆነበት አውሮፕላን ላይ ኪሎ መጨመር ቀልድ አይደለም። ድምፅን ያስቀደሙት ከሌላው ነገር ላይ ቀንሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ስድስቱም ፕሮፔለሮች የመጋደል አንግላቸውን፣ የዙር ፍጥነታቸውንና የብሌዳቸውን አንግል ለየብቻ መለወጥ ይችላሉ። ይህ ለምን ይጠቅማል? ርካሽ ድሮን አይታችሁ ከሆነ ሚዛኑን የሚጠብቀው የፕሮፔለሮቹን ፍጥነት ቶሎ ቶሎ እየለወጠ ነው። ለዚህ ነው ድምፁ እንደ ተናደደ ንብ ከፍ ዝቅ እያለ ጆሮ የሚበላው። የብሌዱን አንግል መለወጥ ከቻላችሁ ግን ፍጥነቱን ሳትነኩት ግፊቱን ትጨምራላችሁ፣ ትቀንሳላችሁ። እንደየሁኔታው ማስተካከል ስለሚቻልም ብሌዱ ያንን የአየር ጅራት እንዳይገጭ ማድረግ ይቀላል፣ ዱብ-ዱቡም በብዛት ይቀራል።

ሦስተኛው ክንፉ ነው፣ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ከተነሳ በኋላ ፕሮፔለሮቹ ወደ ፊት ያጋድላሉ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ክንፉ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፕሮፔለሮቹ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው ሥራቸው፣ ያ ደግሞ ለማንሳት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ጉልበት ነው። ክንፍ የሌላቸው፣ ለምሳሌ 18 ፕሮፔለር ያለው የጀርመኑ ቮሎኮፕተር፣ መንገዱን በሙሉ በፕሮፔለር ተንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። እነሱ በየጣሪያው ላይ ሲያልፉ እንደተሸከሙ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ የተወሰኑት ወረቀት ላይ፣ ከመጀመሪያው ነው። አውሮፕላኑ ከተሠራ በኋላ ድምፁን ለመቀነስ ብትነሱ የሚቀራችሁ በረራውን ከፍ ማድረግ፣ መንገዱን ማዞርና ሰዓቱን መገደብ ነው። ኒውዮርክ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ልኬቱ

በ2021 ኦገስት መጨረሻ ላይ የናሳ ቡድን ካሊፎርኒያ ቢግ ሰር አጠገብ ወዳለው የጆቢ የሙከራ ቦታ መጣና ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ናሳ በከተማ የአየር ትራንስፖርት ዘመቻው ውስጥ እንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከ50 በላይ ማይክሮፎን መሬት ላይ በመረብ ቅርጽ ተዘረጋ። ማይክሮፎኖቹ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ በዘንግ አልቆሙም፣ መሬት ላይ በተነጠፉ ሰሌዳዎች ላይ ነው የተቀመጡት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማይክሮፎን ከፍ ብሎ ሲቆም ድምፁ ሁለት ጊዜ ይመጣለታል፣ አንዱ ቀጥታ ከአውሮፕላኑ፣ ሌላው መሬት ነክቶ ተመልሶ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱን ድምፅ ያጠፉታል፣ አንዳንዱን ያጎሉታል፣ ሣሩና አፈሩም የራሱን ይጨምራል። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ስታስቀምጡት ግን ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሳሉ፣ ምን ያህል እንደሚጨምሩም ስለሚታወቅ በስሌት ይቀነሳል። ስልክ ላይ አፕ አውርዶ "60 ዴሲቤል አለኝ" ከማለት በጣም የራቀ ነገር ነው። (እኔ ግን አውርጃለሁ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።)

አውሮፕላኑ በማይክሮፎኖቹ ላይ ስድስት ጊዜ አለፈ፣ በ100 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማንዣበቡ፣ መነሳቱና ማረፉም ለብቻው ተለካ።

ውጤቱ በ2022 ሜይ ላይ ይፋ ሆነ። በ500 ሜትር ከፍታ ሲያልፍ መሬት ላይ 45.2 ዴሲቤል፣ ለሰው ጆሮ በተስተካከለው መለኪያ። ሲነሳና ሲያርፍ ደግሞ ከበረራ መስመሩ 100 ሜትር ርቀት ላይ ከ65 ዴሲቤል በታች። 65 ሁለት ሰዎች በተለመደው ድምፅ ሲያወሩ ያለው መጠን ነው። 45 ደግሞ ቀን ላይ መኪና በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ጆሮ ጥሎ ካልተከታተሉት በስተቀር በሌላው ድምፅ ይዋጣል።

የሠራው

እንግዲህ ሠርቷል። ይህን ሳልሸሽግ ልናገር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ማማረሬ አይቀርም።

በተለይ የሠራው ድምፅን እንደ መጨረሻ ማሻሻያ ሳይሆን እንደ መነሻ መለኪያ ማየቱ ነው። ሌላው ጥሩ ነገር ደግሞ ልኬቱን በናሳ ማስለካታቸው ነው። ሁሉም ኩባንያ "የኛ ጸጥተኛ ነው" ይላል፤ በገለልተኛ ተቋም ማይክሮፎን ላይ የሚበር ጥቂት ነው። በ2023 ኖቬምበር ላይ ያው አውሮፕላን እዚያው አቤቱታው የሚጎርፍበት ማንሃተን፣ ያው ማረፊያ ላይ ሲበር ታይቷል። ከሄሊኮፕተሮቹ ጎን ለጎን። እንደ ማሳያ ብልህ ምርጫ ነው፣ ሰው ጆሮው ላይ ማወዳደር ይችላል።

ያልሠራው

መጀመሪያ ቁጥሩ ከተለካበት ሁኔታ ተነጥሎ መሄዱ። 45.2 በየዜናው ተጻፈ፤ "500 ሜትር ላይ፣ በ100 ኖት፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ" የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ቀረ። አውሮፕላኑ እስከ 320 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል ተብሎለታል፤ የተለካው በ185 ነው። ርቀትም እንዲሁ ነው። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። 100 ሜትር ላይ 65 የሆነ ነገር 50 ሜትር ላይ 71፣ 25 ሜትር ላይ 77 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ማረፊያው ሕንፃ አናት ላይ ከሆነ፣ ከሥሩ ባለው ፎቅ የሚኖር ሰው 45 የሚባለው ቁጥር ምንም አያደርግለትም።

ቀጥሎ ድግግሞሹ ነው። አንዱ አውሮፕላን ጸጥ ያለ ነው እንበል። የአየር ታክሲ የሚያዋጣው ግን በብዛት ሲበር ነው፤ ያለዚያ የሀብታም መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። በሰዓት አንድ ይበር የነበረው ሃያ ሲሆን የሰዓቱ አማካይ 13 ዴሲቤል ያድጋል። በዲዛይን ስንት ዓመት ተለፍቶ የተቀነሰውን የጊዜ ሰሌዳው በአንድ ቀን ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ዴሲቤል መረበሽን አለመለካቱ ነው። ናሳ በ2017 አካባቢ 38 ሰዎችን አስቀምጦ የትናንሽ ድሮኖችንና የመኪኖችን ድምፅ አሰምቷቸው ነበር። መጠኑ እኩል ሆኖ እንኳን የድሮኑ ድምፅ ይበልጥ የሚያናድድ ሆኖ አገኙት። ካንቤራ አውስትራሊያ ውስጥም በ2018 በቦኒተን ሰፈር ዕቃ በድሮን ማድረስ ሲሞከር ነዋሪው የተነሳው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሲርሲርታው ነው። ነገሩ እስከ ግዛቱ ምክር ቤት ምርመራ ደርሶ ኩባንያው ቀጠን ያለውን ድምፅ ወፈር የሚያደርግ ሌላ ድሮን ለመሥራት ተገደደ።

እኔም ከገርጂ የአውሮፕላን መውረጃ ሥር ነው የምኖረው። አንድ ቀን ስልኬን ይዤ የሚያልፈውን አውሮፕላን ስለካ ጎረቤቴ ጋሼ አዩኝ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"የአውሮፕላኑን ድምፅ እየለካሁ ነው ጋሼ። አይረብሽዎትም እንዴ?"

"እሱማ አለፈ፣ ሄደ። እኔን የገደለኝ ያ ጄኔሬተር ነው" አሉና ወደ ማዶው ሕንፃ ጠቆሙ።

"ግን የአውሮፕላኑ ይበልጣል እኮ። ይኸው፣ ስልኩ ላይ ይታያል።"

"ስልክህ መች ይተኛል!"

ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም። ጋሼ ልክ ናቸው። ማታ፣ አንድ ዓይነት፣ የማያቆም፣ ደግሞ የሌላ ሰው መብራት የሚያበራ ድምፅ። ያንን ማይክሮፎን አይለካውም።

የመጨረሻው ያልሠራ ነገር ከጆቢ እጅ ውጪ ነው፦ ልኬቱ ሲደረግ ለእንዲህ ያለ አውሮፕላን የተጻፈ የድምፅ ደንብ አልነበረም። ደንቦቹ በአብዛኛው ለጄት፣ ለፕሮፔለር አውሮፕላንና ለሄሊኮፕተር የተጻፉ ናቸው፤ ይህ ሲነሳ እንደ ሄሊኮፕተር፣ ሲሄድ እንደ አውሮፕላን ነው። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ለአየር ታክሲዎች የሚሆን የመጀመሪያውን የድምፅ መለኪያ ዝርዝር ያወጣው በ2023 ነው፣ እሱም ፕሮፔለራቸው ለማያጋድለው። እስከዚያ ድረስ አንዱ ኩባንያ በ75 ሜትር፣ ሌላው በ100 ሜትር፣ ሌላው በ500 ሜትር የለካውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ጋዜጠኛው ደግሞ ሦስቱን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ደርድሮ "ይህ ያሸንፋል" ይላል። በኪሎ የተሸጠን ጤፍ በጣሳ ከተሸጠ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ፓሪስ ላይ የሆነውን በአጭሩ ላንሳ፣ ምክንያቱም የጆቢን ጉዳይ ገልብጦ ያሳያል። ቮሎኮፕተር በ2024 ኦሊምፒክ ሰው ሊያጓጉዝ ታቅዶ ነበር፤ ማረፊያውም ኦስተርሊትስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሴን ወንዝ ላይ። በ2023 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተጽዕኖ ጥናቱን ያልተሟላ ነው አለው፣ ድምፁን ጨምሮ። የከተማው ምክር ቤትም ተቃወመ። መንግሥት ፈቃዱን የሰጠው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ አውሮፕላኑም ሰርተፊኬት አልደረሰለትም። ኦሊምፒኩ ያለ አየር ታክሲ አለፈ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኪሳራ አወጀ። ለውድቀቱ ድምፁን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ ገንዘቡም ሰርተፊኬቱም ነበሩ። ግን ነዋሪውን በመጨረሻ ሰዓት ማሳመን እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። አውሮፕላኑ ጸጥ ያለ ቢሆንም ሰው ሰምቶት ካላረጋገጠ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው።

እና የኛስ? አዲስ አበባ ላይ የአየር ታክሲ ነገ ይመጣል እያልኩ አይደለም። ቢመጣ ግን የካሊፎርኒያውን ቁጥር እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ላይ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፕሮፔለሩ ወይ 12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መዞር አለበት፣ ወይ ብሌዱን የበለጠ ማዘንበል። ጫፉ ሲፈጥን ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። ባትሪውም በዚያው ልክ ይደክማል። ስለዚህ "ናሳ ለክቶታል" የሚል ሻጭ ቢመጣ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "በስንት ሜትር ከፍታ ላይ?" ነው። ማንዣበቡን፣ መነሳቱንና ማረፉን ደግሞ እዚሁ ማስለካት። ቀን ብቻ አይደለም፣ ንጋት ላይም፣ ከተማው ገና ሳይጮህ። ቀን የማይሰማ ድምፅ ንጋት ላይ ቤቱን ሊሞላው ይችላል።

ሌላም ልዩነት አለ፣ ይህን ያሳየችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጻፍኩላት። ዱባይ በ2024 ከጆቢ ጋር የስድስት ዓመት ውል ፈርማለች፤ ከኤርፖርቱ ወደ ፓልም ጁሜራ (ባሕር ላይ የተሠራችው ደሴት) በመኪና 45 ደቂቃ የሚፈጀውን በ10 ደቂቃ እናደርሳለን ነው የሚሉት። "ሰፈርሽ ላይ ማለፍ ሲጀምር ሙዚቃ ሳታስገቢ ቅጂልኝ፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንዳለፈም ጻፊልኝ" አልኳት።

ትንሽ ቆይታ መለሰች። "እሺ። ግን እዚህ መስኮት የሚከፍት ሰው የለም። ኤሲው ነው ሌት ተቀን የሚጮኸው፣ እሱን ነው የምቀዳልህ።"

እኔ ይህን የምጽፈው መስኮቴን ከፍቼ ነው። ጄኔሬተሩ እየሠራ ነው።